ሥራ ፈቺዋ

አውቶብሱ ቦርከና ድልድይ አጠገብ የሚደርሰው ሰማዩ ገና ሲቀላ ነው። ሽማግሌዎቹ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው አንድ በአንድ ይሳፈራሉ። ሚስቶቻቸው ነጠላቸውን እንደተከናነቡ በሩ እስኪዘጋ ይጠብቁና እርስ በርስ «ያቆይልሽ» ተባብለው ይበተናሉ። ድሮ ሰውን ማቆየት የእግዜር ሥራ ነበር፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ማቆያ የሚባል ቤት ከተሠራለት ስንት ዓመቱ። ስሙ ከሕፃናት ማቆያ የተወሰደ ነው ብለው የሚያሾፉ አሉ። «ጋቢህን እንዳትረሳ፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ፣ ከማንም ጋር እንዳትጣላ» የሚለውን የጠዋት ምክር ለሰማ ሰው ፌዙ ሐሰት አይመስለውም።

ወንድ ልጅ ከሥራ ከወጣ ይሞታል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ልጆች ከማባዛት ሰንጠረዥ ጋር ይማሩታል። ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያሰረው ጤና የሚለካ አምባር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የለቀመው ቁጥር ተደምሮ ያወጣው ውጤት ነው፦ ወንድ በወጣ በዓመት በሁለት ዓመቱ ይወድቃል፤ ሴት ግን ወጣችም ቀረችም ዕድሜዋ ያው ነው። ስለዚህ ሴቶች በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ይወጣሉ፣ ወንዶች አይወጡም። ጡረታ የሚለው ቃል አሁንም ይነገራል፤ ከመጦር መምጣቱን የሚያስታውስ ግን እየጠፋ ነው።

ሄራን ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው። ሄራን፣ ናሆም፣ ኪሩቤል፤ በእነሱ ልጅነት አራዳ የነበሩት ስሞች ሁሉ ዛሬ የአሮጊትና የሽማግሌ ስሞች ሆነዋል። የዛሬዎቹ ወጣቶች በተራቸው ደብሪቱና ዘርጋው ይባላሉ። ሄራን ሠላሳ ዓመት ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ስትለይና ስትተክል ኖራ ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲህ እቤቷ ውስጥ ክዳን ሁሉ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሮ ይኖራል፤ የስኳሩ፣ የበርበሬው፣ የሹሮው። ባሏ ኢዮስያስ «ዘበኛ የማያስፈልገው ሰልፍ» ይለዋል።

ኢዮስያስ ሰባ ሁለት ሞልቶታል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ማሽኖቹ ራሳቸውን መጠገን ሲጀምሩ እሱን ወደ ማቆያው አዛወሩት። እዚያ የውሃ ፓምፕ ይገጣጥማል። ብረቱን ይገጥማል፣ ብሎኑን ያስገባል፣ ዳዶውን ያጠብቃል፣ ፓምፑን በግድግዳው መስኮት ያሳልፋል። ፓምፖቹ ወደ ቆላው አገር እንደሚወርዱ ነግረውታል። እሱም ማታ እራት ላይ ይህንኑ ለሚስቱ ይነግራል። «የኔ ፓምፕ ይኼኔ ሎጊያ ላይ ውሃ እየጎተተ ነው» ይላል፣ እንጀራውን እየጠቀለለ። ከዚያ አምባሩ ይነዝረዋል፤ የመኝታው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ጎረምሳ ሆኖ እንኳ እንዲህ በጊዜ ተኝቶ አያውቅም።

ሄራን ከወጣች በኋላ ለጥቂት ዓመታት ደህና ሰነበተች። ዕድር ነበር፣ ለቅሶ ነበር፣ ልጇ ሶልያና ከጅግጅጋ እየደወለች ታስቃት ነበር። ቀስ እያለ ግን ቤቱ ከበዳት። ባሏ ጠዋት ይሄዳል፣ ከሰዓት ደክሞት ይገባል፣ ማታ አምባሩ ያስተኛዋል። ማንም የማያዳምጣት ሆና ቀረች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ አምባሯ ግን ተናገረባት። የጤና ቁጥሯ ሲወርድ ጤና ጣቢያ ጠሯት፤ እዚያም መድኃኒት አላዘዙላትም፣ ሥራ አዘዙላት።

የሴቶቹ አውቶብስ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው፤ ማቆያው ውስጥም የሚገባው በጓሮ በር ነው። የወንዶቹ አውቶብስ ሲመለስ ሁለቱ ድልድዩ ላይ ይተላለፋሉ። ሄራን በመጀመሪያው ቀን ባሏን በመስኮት አየችው። አንገቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

ተቆጣጣሪዋ ሲፈን ጠረጴዛዋን አሳየቻት፣ የብሎን ቁልፍና ጓንት ሰጠቻት።

«እዚህ የሚሠራው ማፍታታት ነው፣ እትዬ» አለቻት። «ጠዋት የተቆለፈው ከሰዓት ይፈታል።»

«ለምንድን ነው የሚፈታው?»

«ነገ እንዲቆለፍ ነዋ።»

ሄራን ዙሪያዋን አየች። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ይፈታሉ። አንዳንዶቹ እያወሩ፣ አንዳንዶቹ መዝሙር ወይም መንዙማ እያንጎራጎሩ።

«ታዲያ ቆላ አይወርድም?»

«እትዬ፣ ቆላ ውስጥ በእጅ የተገጠመ ፓምፕ የሚፈልግ ሰው አለ?» አለች ሲፈን፣ ነገሩ አሳዝኗት ሳይሆን ጥያቄው ገርሟት። «ይህንን ግን እቤት አይነገርም። ሠሪው ካወቀ ቁጥሩ ይወርዳል። ጨርቅ አጥፋለሁ ይበሉ፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ከጎኗ ያለችው ኢልሃም ጎረቤቷ ናት። ባሏን የቀበረችው አምና ነው፤ ቀልዷን ግን አልቀበረችውም። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት። «ሥራ ፈት ነበርን፣ ሥራ ፈቺ ሆንን። የድሮ ሰው ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ይል ነበር፤ እኛስ ብሎንና ዳዶ ነው የምናፋታው።»

ሄራን ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር። ከዚያ ቁልፏን አንስታ የመጀመሪያውን ዳዶ አላላች፣ ብሎኑንም መዘዘች። ብሎኑ ያለምንም ትግል ወጣ፤ ጣቷ ላይም የሚያሟልጭ ነገር ቀረ። አሸተተችው። የልብስ ሳሙና ነው።

ሳሙናውን የቆረጠችው ራሷ ናት። ኢዮስያስ ብሎን ከማጥበቁ በፊት ጥርሱን ሳሙና ያስነካዋል፤ የድሮ ልማዱ ነው። ሙሽሮች ሳሉ ምክንያቱን ጠይቃው ነበር። «አንድ ቀን የሚፈታው ሰው አለ» ብሏት ነበር፣ «ዝጎ ያገኘው እንደሆነ እኔን ነው የሚረግመኝ።» ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየእሑዱ ከሳሙናው ትቆርጥና በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ታስቀምጥለታለች። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ሰው ወንድ አድርጋ ነበር የምታስበው። ራሷ ትሆናለች ብላ አላሰበችም።

ቁልፉን እንደያዘች ቆየች። ሲፈን «ደከመዎት?» ስትላት «አልደከመኝም» አለችና ፈታችው። ብሎኖቹን እንደ ልማዷ ወለወለች፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ትሪው ላይ ደረደረች፣ እያንዳንዱን ዳዶ ከየብሎኑ ጎን አስቀመጠች። ማታ ኢዮስያስ ስለ ሎጊያ ሲያወራ ወጥ ጨመረችለት።

እንዲህ እያሉ ከረሙ። እሱ ጠዋት ይቆልፋል፣ እሷ ከሰዓት ትፈታለች። በመጀመሪያው ወር ብሎን በመዘዘች ቁጥር ሳሙናውን ታሸት ነበር፤ በኋላ ለመደችው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ቁጥሯም ወደ ላይ ወጣ። ጤና ጣቢያ «ሥራው ተስማምቶዎታል» አሏት፤ እውነትም ተስማምቷት ነበር፤ ይህም ራሱ ያሳፍራት ነበር።

በጥር ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኢዮስያስ ደረቱን ደገፍ አድርጎ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሄርዬ፣ ልውጣ ይሆን?» አላት።

«ከየት?»

«ከየት ትያለሽ እንዴ። ደከመኝ። ጉልበቴም እጄም እንቢ አለኝ። ጠዋት ጠዋት አንቺን ጥዬ ስሄድ ደስ አይለኝም።»

ሕጉ ሚስት ካልፈቀደች ወንድ አይወጣም ይላል፤ መበለት የምትሆነው እሷ ናትና። ሄራን ሕጉን ታውቀዋለች። የባሏን ቁጥርም ታውቀዋለች፤ ከቆየ ገና ዘጠኝ ዓመት አለው፣ ከወጣ ግን ሁለትም አይሞላ። ዘጠኝ ዓመት ቀላል አይደለም። አሳልፋ ልትሰጠው አልቻለችም፤ ስለዚህ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ቆላ ያለው ሰው ውሃ ጠምቶታል እኮ፣ ኢዮስ። አንተ ከተውከው ማን ሊገጥመው ነው?»

ኢዮስያስ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ «እውነትሽን ነው» ብሎ ተነሳና ጫማውን ሊወለውል ገባ። በማግስቱ ከማንም ቀድሞ ድልድዩ ጋ ደረሰ።

እሷንም ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንቢ አላት። የዋሸችው ለእሱ ብላ መሆኑን ለራሷ ትነግራለች፤ ሲነጋ ግን አውቶብሱ ላይ ሲወጣ እግሩን እንዴት እየጎተተ እንደሆነ ታያለች፤ ያን ጊዜ ለእሱ ብላ የሚለው ነገር ይጠፋባታል።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከሚመጡላት ፓምፖች የመጨረሻውን ከፈተች። ሆዱ ውስጥ ውሃ የሚጎትተው ሽክርክሪት ብረት የለም። በእሱ ቦታ አንድ መንደሪን ተቀምጧል። ጠዋት ምሳ ዕቃው ውስጥ ያደረገችለት መንደሪን ነው፤ ከነቅርንጫፏ መርጣ የገዛቻት፣ ቅጠሏ እንኳ አልተቀነጠሰም።

ኢልሃም አንገቷን አስግጋ አየች። «ይኼ ደግሞ ምን አበቀለ?» አለች። ሄራን መንደሪኑን ጉያዋ ከተተችና በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሎኖቹን ሳትደረድር ወጣች።

ቤት ስትደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ኢዮስያስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። መንደሪኑን ፊቱ አስቀመጠችው።

«መቼ አወቅህ?»

«ከመስከረም ጀምሮ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ጠዋት ትሪው ሲመጣ ብሎኖቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰልፈው አገኘኋቸው። መጀመሪያ የአጋጣሚ ነገር መሰለኝ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም። በዚህ አገር ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ፍጡር የለም። ዘበኛ የማያስፈልገው ሰልፍ።»

ሄራን አጠገቡ ተቀመጠች። «ታዲያ በጥር ልውጣ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር የጠየቅሁሽ። ትነግሪኛለሽ፣ ሁለታችንም እንስቃለን፣ አብረን እንወጣለን ብዬ። አንቺ ግን ውሃ ጠምቷቸዋል አልሽኝ።» ወደ መንገዱ አየ። «እውነት ለመናገር አፈርኩብሽ።»

«ዘጠኝ ዓመት አለህ እኮ። እሱን ብዬ ነው።»

«እኔስ? ጠረጴዛዎቹ ጥንድ ናቸው፤ የኔ ሲዘጋ ያንቺም ይዘጋል። ቁጥርሽ ሲወጣ አይቻለሁ። ፊትሽ ተመልሶ ነበር። ሥራውን ወደደችው ማለት ነው አልኩ። እኔ ካልቆለፍኩ አንቺ ምን ትፈቻለሽ? ስለዚህ ደረቴን እያሻሸሁ ስቆልፍልሽ ከረምኩ።»

ሄራን አለቀሰች። ቁጣም ነበረበት፤ በእሱ ላይም በራሷም ላይ። እሱ አምባሩ ሲነዝረው እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀና መንደሪኑን መላጥ ጀመረ። እኩል ተካፈሉት።

«እንውጣ» አለችው።

«እንደምሞት ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እንውጣ።»

የማቆያው ቢሮ ውስጥ ያስተናገደቻቸው ደብሪቱ የምትባል ትሑት ሴት ናት። ወንበር አቀረበችላቸው፣ ውሃ አመጣችላቸው፤ ከዚያ መሣሪያዋን አዙራ ቁጥሩን አሳየቻቸው። ድምጿ ስለ ዝናብ የምታወራ ያስመስላታል።

«አባባ፣ ከወጡ ከዓመት በላይ ለመገመት ይከብደናል። ልብዎ ደክሟል። ቢቆዩ ይሻላል ብዬ መናገር ግዴታዬ ነው።»

«እሷስ?» አላት ኢዮስያስ።

«እሳቸው ምንም አይሆኑም። ሴት ስትወጣ ቁጥሯ ትንሽ ይዋዥቃል እንጂ ዕድሜዋ አይነካም።»

«ተመስገን» አለ ኢዮስያስ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። ሄራን ግን ደስ አላላትም። ቆላው አገር፣ ፓምፑ፣ ማቆያው፣ ሁሉም በአንድነት አስጠሏት። ደብሪቱ «ይፈቅዳሉ?» ብላ ስትጠይቃት አውራ ጣቷን የመሣሪያው መስተዋት ላይ አሳረፈች። ኢዮስያስ እጇን በራሱ እጅ ደገፈላት።

ሰኔ ሲገባ ወጡ። ጎረቤቱ ሁሉ አዘነ፤ ኢልሃም ብቻ «ደግ አደረጋችሁ» አለቻቸው፣ እሱንም ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ያ ክረምት ሁሉ ነገሩ ያማረ ነበር ማለት ግን ውሸት ነው። ኢዮስያስ ሥራ የለመደ እጁን ምን እንደሚያደርገው አጣ። የማይጮኸውን በር ዘይት ቀባው፣ ደህናውን ምድጃ ፈታታው፤ መልሶ ሲገጥመው አንድ ብሎን ተረፈው፤ ሄራን ለሦስት ቀን እየነዘነዘች ፈለገችለት። ክዳኖቿን ሆን ብሎ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮባት ተኮራርፈዋል። ቀን ቀን ሲያንኮራፋ ቴሌቪዥን ከፍ ታደርግበታለች፣ እሱ ደግሞ ነቅቶ «አላንኮራፋሁም» ይላል። ግን ቀትር ላይ አብረው ይበሉ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ በአዘቦት ቀን ቀትር ላይ አብረው በልተው አያውቁም። እሱ ቀይ ሽንኩርት በጥሬው እንደሚወድ ያወቀችው ገና ያን ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር ስለማይቻል ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ዝናቡ ሲያባራም አንዳንዴ ዝምታውን አይተዉትም። ማታ አምባሩ ሲነዝረው ማንም አይነሳም።

አንድ ቀን «ቆጭቶሃል?» አለችው።

«የቆጨኝ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ያለው ነው» አላት። «በዚያን ጊዜ መውጣት እንችል ነበር።»

እሷንም የቆጫት ይኸው ነበር። በጥር ወር የተናገረችውን ቃል ቀን በቀን ታስታውሰዋለች፤ ያንን ሁሉ ወር ከእሱ የወሰደችበት ራሷ ናት። ይቅርታ ጠይቃዋለች። እሱም «እኔም አለሁበት» ብሏታል፤ ቢላትም አልቀለላትም።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሰማዩ ጠርቶ ቀዝቃዛው ነፋስ ከደሴ በኩል መውረድ ሲጀምር፣ ኢዮስያስ ምሳውን በልቶ እጁን ታጠበ፤ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ ጋደም አለ። ሳህኖቹን አጥባ ስትመለስ አያንኮራፋም። ቆማ አዳመጠች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጁን ያዘች፤ ጎረቤት ከመጥራቷ በፊት ብዙ ቆየች።

ድንኳን ተተከለ። ሶልያና ከጅግጅጋ ገባች። የማቆያው ሽማግሌዎች ፈቃድ ተሰጥቷቸው በአውቶብስ መጡ፤ ያለቀሱትም እሱን ብቻ እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል። ለቀስተኛው «ታሞ ነበር?» ይላል፤ «አይ፣ ወጥቶ ነበር» ይላል ሌላው፤ ጠያቂውም ሌላ አይጠይቅም፣ ራሱን ይነቀንቃል። ሄራን ጥግ ተቀምጣ ይህንን ሁሉ ትሰማለች።

በሦስተኛው ቀን ደብሪቱ ጥቁር ለብሳ መጣች። «ነፍስ ይማር፣ እትዬ» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የቀረበላትንም ንፍሮ ቀመሰች። ቆይታ የኢዮስያስን አምባር ጠየቀች። ሄራን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት። ደብሪቱ መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር መሙላት አለብኝ። ሲያርፉ በሥራ ላይ የነበሩ ነው ወይስ የወጡ?»

«አልወጣም» አለች ሄራን።

«እኔው ነኝ እኮ ያስወጣኋቸው። በሰኔ።»

«አንቺ ጋ ነው የወጣው። እኔ ጋ ገባ። ባሌ አልወጣም፣ ልጄ፤ ቤቱ ገባ።»

ደብሪቱ መሣሪያውን አየች፣ ሄራንን አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ገባ የሚል የለውም» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ባዶውን ተይው።»

«ባዶ ከሆነ አያሳልፈኝም።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ያወራል፣ ሳህን ይንኳኳል። ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ «የወጡ» የሚለውን ነካች። መሣሪያው አሳለፋትና የሄራንን ገጽ አመጣ፤ የቀራት ዕድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ይላል።